ጋሽ ግራም ሲለካ

ባለቤቴ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር። በየሱቁ፣ በየሥጋ ቤቱ፣ በየነዳጅ ማደያው እየዞረ ሚዛኑንና ልኩን ያያል፤ ትክክል የሆነውን ማኅተም ያደርግበታል፣ ትክክል ያልሆነውን ያሽገዋል። ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለው «ሚዛን እንዳይዋሽ እጠብቃለሁ» ይላል። እንዲህ ብሎ ፈገግ እንኳን አይልም። ቀልድ መስሏቸው የሚስቁ ነበሩ፤ እነሱ ስቀው ሲጨርሱ እሱ ገና እያያቸው ነው።

ነጋዴዎቹ ጋሽ ግራም ይሉታል። መጀመሪያ ከጀርባው ነበር፣ በኋላ ፊት ለፊቱም ማለት ጀመሩ፤ እሱም አልከፋውም። ቦርሳው ውስጥ የእንጨት ሳጥን አለች። ሳጥኗ ውስጥ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደሩ የናስ የሚዛን ድንጋዮች አሉ። በባዶ እጅ አይነኩም፤ የጣት ወዝ ክብደት ይጨምርባቸዋል ይላል። እኔ ሦስት ልጅ በባዶ እጄ ነው ያሳደግኩት፤ ድንጋዮቹ ግን ጓንት ነበራቸው።

የተገናኘነውም በሚዛን ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ክሊኒክ ውስጥ የልጆች መመዘኛ ነበር፣ እሱን ሊፈትሽ መጣ። ፈትሾ ሲጨርስ ለዳይሬክተራችን «ልጆቻችሁ በሙሉ መዝገብ ላይ ከተጻፈው በአራት መቶ ግራም ይቀንሳሉ» አለው። ዳይሬክተሩ ክው አለ፤ በአንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከሳበት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ዘወር ብሎ አየኝና «ምን ያስቃል?» አለኝ። በዚያው ዓመት ተጋባን።

ወንድሜ ዳቦ ቤት የከፈተ ጊዜ ደግሞ ጉድ ፈላ። በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ ሳጥኑን ይዞ ሄደ፤ ሚዛኑ ላይ ድንጋይ አስቀመጠ፤ ስምንት ግራም ወደ ሻጩ ያደላል፤ አሸገው። ወንድሜ «የእህቴ ባል አይደለህም እንዴ?» ቢለው፣ «ነኝ፤ ስለዚህ ነገ ስታስተካክለው መጀመሪያ አንተ ጋ እመጣለሁ» አለው። እናቴ ሁለት ዓመት አላናገረችውም። እሱ ግን ልብ ያለው አይመስለኝም፣ ዱሮም ብዙ አያወራም።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተማርኩ። ባለቤቴ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ «ቲቸር» ነው የሚለኝ፤ ልጆቻችንም ትንንሽ ሆነው ስሜ ቲቸር ይመስላቸው ነበር። አንደኛ ክፍል ማስተማር ማለት ሃምሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲዋሽ መስማት ማለት ነው። የሚዋሽ ልጅ ገና በር ሲገባ አውቀዋለሁ። ይህን የምላችሁ ኋላ ለሠራሁት ነገር አላወቅኩም እንዳልል ነው።

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ሆዱን ያመው ጀመር። ጋዝ ነው አለ። ስድስት ወር ጋዝ ነው እያለ ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ። እየጎተትኩ ወሰድኩት። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው፣ ጉበቱ ጋ ደርሷል ተባልን። የነገረችን ዶክተር ረጅም፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። እሱ እንዳትደብቀው ቀድሞ ስለነገራት ምንም አልደበቀችውም።

«ይድናል?» አላት።

«አይድንም»።

«ስንት ጊዜ አለኝ?»

«ሳይታከሙ ጥቂት ወራት። ኬሞ ከወሰዱ ምናልባት ሁለት ሦስት ወር ይጨምርልዎታል»።

«ስህተቱ ስንት ነው?»

ዶክተሯ ቀና ብላ አየችው። «የምን ስህተት?»

«ሁለት ሦስት ወር ሲሉ፣ ወዲህና ወዲያ ስንት ያዛባል?»

ትንሽ አሰበችና «ሁለት ሦስት ወር» አለችው።

በሥራው ዘመን እንዲህ ያለ ሚዛን ቢያጋጥመው የሚዛኑን ባለቤት ፍርድ ቤት ያቆመው ነበር። እዚያ ግን ራሱን ብቻ ነቀነቀ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ይጨምርልዎታል የሚለውን ቃል ብቻ ሰማሁ። ያንን ሁለት ሦስት ወር በሕይወቴ ምንም ነገር እንዲህ ፈልጌ በማላውቀው መጠን ፈለግኩት። እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ «ይወስዳል» አልኩ። ማንም እኔን አልጠየቀኝም ነበር።

ኬሞው በየሦስት ሳምንቱ ነው። ሁለት ቀን ሆስፒታል ይተኛል፣ ይሰጡታል፣ ቤት እንመለሳለን። በየዙሩ መጀመሪያ ግን ቅጽ ይሞላል። ዶክተሯ ራሷ አስረዳችን። «የደም ምርመራ ሁሉን አይነግረኝም» አለች፤ «መድኃኒቱ የሚሰጠውንና የሚወስደውን የማመዛዝነው በዚህ ቅጽ ነው። ቁጥሩ ከተበላሸ አቆማለሁ፤ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ፣ የሕመም ማስታገሻ ብቻ እንሰጣለን። ካልተበላሸ እንቀጥላለን»። ባለቤቴ በጥሞና ሰማት። ከሕክምናው ሁሉ ደስ ያለው ይኼ ክፍል ይመስለኛል።

ቅጹን የምትይዘው ነርስ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሠላሳ ዓመት እንኳን የማይሞላት ልጅ ናት። ፊት ለፊት ሲስተር ይሏታል፤ በሌለችበት ደግሞ ወይዘሪት ቅጽ። ስሙን ያወጣላት ባለቤቴ አጠገብ የተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሁሉም በሽተኛ እሷን ይወዳታል፣ ጥያቄዎቿን ግን የሚወድ የለም። የመጀመሪያው ቀን፣ እንዴት እንደሚሞላ ልታሳየን አንዱን ጥያቄ ራሷ አነበበች።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት አቅም አጥተው ነበር? አንድ፣ በፍጹም፤ ሁለት፣ ትንሽ፤ ሦስት፣ በርከት ያለ፤ አራት፣ በጣም»።

«ትንሽ ማለት ስንት ነው?» አላት።

«ትንሽ ማለት እንግዲህ ትንሽ ነው»።

«የእኔ ትንሽና የሳቸው ትንሽ እኩል ነው?» ብሎ ወደ ሾፌሩ አመለከተ።

«የእኔ ይበልጣል» አለ ሾፌሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ታዲያ ይሄ ነገር በምን ድንጋይ ነው የተስተካከለው?»

ሌላ ነርስ ብትሆን ትታው ትሄድ ነበር። ወይዘሪት ቅጽ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ከማንም ጋር አላወዳድርዎትም። የዛሬውን እርስዎን የማወዳድረው ከሦስት ሳምንት በፊቱ እርስዎ ጋር ነው»።

«ድንጋዩ እኔ ነኝ ማለት ነው»።

«እርስዎ ነዎት»።

«እኔ ከዋሸሁስ?»

«ያኔማ ሁላችንም ገደል ገባን» አለች።

«አልዋሽም» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አከበራት፤ ስትገባ ትራሱን ደገፍ ብሎ ቀና ይላል፣ ለዶክተሯ እንኳን እንዲህ አላደረገም።

የቅጹን ሠላሳ ጥያቄ በሽተኛው ራሱ ማንበብ ነበረበት። የባለቤቴ ዓይን ግን ከበሽታው ጋር ደከመ፣ ፊደሉ ይዋኝብኛል አለ። ወይዘሪት ቅጽ ደግሞ አሥራ አንድ አልጋ አለባት። ስለዚህ በዚያ ክፍል አሠራሩ፣ በሽተኛው ማንበብ ካልቻለ አስታማሚው ጮክ ብሎ ያነብለታል፣ የተባለውንም ይጽፋል። ለእኔ ይሄ ሥራዬ ነው። ወንበሬን አስተካክዬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ቃል እንደማጽፍ ሆኜ አነበብኩለት። የማነበውም እንደተጻፈው ነው፣ በአንቱታ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንተ ያልኩትን ሰው በየሦስት ሳምንቱ አንቱ እለዋለሁ።

«ባለፈው ሳምንት አስታውከው ነበር?»

«ትንሽ» አለ። ይሄ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው።

ሳህኑ አልጋው ሥር ነው፣ ገና አልተደፋም። ሳህኑን አየሁት፣ እሱን አየሁት።

«ትንሽ ነው አልኩሽ» አለ።

ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

«ጣቶችዎ ይደነዝዛሉ?»

«በፍጹም»።

ይህን ሲል የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፍኩለት ነው። ጣቱ አልታዘዝ ካለው ሰንብቷል፣ ብርጭቆ ያመልጠዋል፤ ማንኪያ የሚይዘው እንደ ሕፃን በጭብጡ ነው። አንድ ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ ከሌሎቹ ይለያል፤ መልሱ ከአንድ እስከ ሰባት ነው።

«በአጠቃላይ ባለፈው ሳምንት የነበረዎትን ኑሮ እንዴት ይመዝኑታል? አንድ፣ እጅግ መጥፎ፤ ሰባት፣ እጅግ ጥሩ»።

«ስድስት»።

«ስድስት?»

«ስድስት። ሰባት ብል ጉራ ይሆናል»።

ዶክተሯ ቅጹን አየችና «ጥሩ ነው፣ እንቀጥላለን» አለች። በሦስተኛውም ዙር ስድስት፣ በአራተኛውም ስድስት። እሱ ከሰባ አንድ ኪሎ ሃምሳ አራት ገባ፤ አፉ ውስጥ ቆሳስሎ ውሃ ሲጠጣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ቅጹ ላይ ግን ጤነኛ ነው። ሾፌሩ አንድ ቀን መልሱን ሲሰማ ቆየና «እኔም ጋሽ ግራም የሚወስደውን መድኃኒት ስጡኝ» አለ።

ለምን ጻፍሽ በሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የጻፍኩት። ቅጹ ጥሩ ከሆነ ኬሞው ይቀጥላል፣ ኬሞው ከቀጠለ ያ ሁለት ሦስት ወር ደህና ነው። ሌላ ሂሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። እሱም መኖር ስለፈለገ ነው የሚለው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሳህኑ የሚናገረውን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አንድ የሚለውን ቁጥር እንዴት አሳምሬ እጽፈው እንደነበር ብታዩ፣ ለልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንኳን እንዲህ አልጻፍኩትም።

አምስተኛው ዙር ላይ ወይዘሪት ቅጽ አዲስ ወረቀት ሰጠችኝ። «ይሄ የአስታማሚ ቅጽ ነው፤ ጋሼ እንዴት እንደሆኑ እርስዎ እንደሚያዩት ይሙሉት» አለችኝ። ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። የእሱን አንብቤለት ከጨረስኩ በኋላ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በአምስት ደቂቃ ሞላሁት። ምን እንደምጽፍ አውቃለሁ፣ አሁን የጻፍኩት ነው። ሁለቱንም ወረቀት ሰጠኋትና ሾርባ ላሞቅለት ሄድኩ።

ከምሳ በኋላ ጠራችኝና አንሶላ ወደሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል ወሰደችኝ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አንሶላው ላይ ዘረጋችው።

«እትዬ፣ እዚህ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የባልና የሚስት ቅጽ ሠላሳ ከሠላሳ ሲገጥም አይቼ አላውቅም»።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል» አልኳት።

«የእኔ እናትና አባት አርባ ዓመት ኖረዋል፤ ዛሬ ይዘንባል አይዘንብም በሚለው እንኳን አይስማሙም»።

አላላገጠችብኝም። ወረቀቶቹን እያየች ነው። እኔ ደግሞ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ስህተት ጽፈው ሲመጡ ምን እንደምላቸው ትዝ አለኝ። እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ።

«ሳህኑን የምንደፋው እኮ እኛ ነን» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄኛውን ለዶክተሯ አልሰጥም። ነገ ጠዋት አዲስ ቅጽ አመጣለሁ፣ ኬሞው መቀጠል አለመቀጠሉን የምትወስነው በእሱ ነው። እኔ ላንብብላቸው ወይስ እርስዎ?»

«እኔ» አልኩ። እልህ ነው ያናገረኝ።

ተመልሼ ስገባ ሾፌሩን ለራጅ ወስደውታል፤ እኔና እሱ ብቻችንን ነን። በሩን ዘጋሁት።

«ማስታወክህ ስንት ነው?» አልኩት።

«ጻፍሽው አይደል እንዴ»።

«የጻፍኩትን አልጠየቅኩህም»።

በመስኮቱ ወደ ውጪ አየ። ግቢው ውስጥ አንድ ሰው መኪና ያጥባል። «አራት» አለ።

«ጣትህስ?»

«አራት»።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ዙር»።

«ከሰባት ስድስት የምትለውስ?»

«እሱማ ሁለት ቢሆን ነው»።

ደሜ ፈላ። «አንተ ለስምንት ግራም የወንድሜን ሚዛን ያሸግክ ሰውዬ» ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ ምን ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ብዙ ነው። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ሁልጊዜም እስክጨርስ ይጠብቃል፣ ይሄ ራሱ ያናድደኛል።

«በመጀመሪያው ዙር» አለ ስጨርስ፣ «የምግብ ፍላጎትዎ ስትዪኝ ሦስት አልኩሽ። እውነት ነበር። ሁለት ቀን እህል አልቀመስሽም። በሁለተኛው አንድ አልኩሽ፤ እዚችው ወንበር ላይ ጭልጥ አድርጎ እንቅልፍ ወሰደሽ። ከወር በኋላ የመጀመሪያ እንቅልፍሽ ነበር። አንኮራፋሽ»።

«እኔ አላንኮራፋም»።

«ሾፌሩን ጠይቂው»።

ተቀመጥኩ። እሱ ጣቶቹን እያሻሸ ነው፤ ይደነዝዛል የተባለውን ጣት።

«ኬሞውን የምትፈልጊው አንቺ ነሽ» አለ። «ለነርሷ ብቻዬን ልነግራት አስቤ ነበር። ግን የምታነቢው አንቺ፣ የምትጽፊው አንቺ። ፊትሽን እያየሁ አራት ማለት አቃተኝ»።

«አንተስ? አንተ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

አራት ወር ሊሞላን ነው። በየዙሩ ሠላሳ ጥያቄ እያነበብኩለት ይህችን ጠይቄው አላውቅም። ቅጹ ላይ የለችማ።

«ቤቴ መሄድ» አለ። «አፌ ላይ ብረት ብረት የማይል ነገር መብላት። ልጆቹ ሲመጡ እንደ ሰው ተቀምጬ ማውራት»።

«ቶሎ ብትሞትስ?» አልኩት፣ ሳላሽሞነሙን።

«ልሞትም እችላለሁ» አለ። «ኬሞውም እኮ ቃል አልገባም»።

አኮረፍኩት። የሚሞት ሰው ይኮረፋል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ ይኮረፋል። ትልቋን ልጄን ጠርቼ አንቺ ተቀመጪ አልኳትና ቤት ሄድኩ። የሚተኮስ ልብስ ነበር፣ መተኮስ ጀመርኩ። እየተኮስኩ አለቀስኩ። ያለ እሱ እንዴት እንደምሆን አላውቅም፣ ይህንን ፈርቼ ነው ሰውዬውን አራት ወር ሙሉ ሳህን ላይ የደፋሁት። ይህን ለራሴ ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ ቤት ውስጥ ማንም ስላልነበረ ማንም አልመለሰልኝም። ስድስት ሸሚዝ ተኮስኩ፣ አራቱ ከዚህ በኋላ አይሆኑትም፣ ይሰፉታል።

ጠዋት ሄድኩ። ቅጹ ኮመዲኖው ላይ ተቀምጧል። ሾፌሩ ተመልሷል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተኛ መሰለ፣ አልተኛም። መነጽሬን አደረግኩ።

«ባለፈው ሳምንት አስታውከው ነበር?»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔም ፊቴን አላዞርኩም።

«አራት» አለ።

ጻፍኩ።

«ጣቶችዎ ይደነዝዛሉ?»

«አራት»።

አራት ጻፍኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ወረድን። እንቅልፍ ላይ ስንደርስ «ሦስት» አለ።

«ምን ሦስት ነው? ስትገላበጥ ነው ያደርከው ብላ ልጅህ ነግራኛለች»።

«እሺ አራት»።

«እኔ ስላልኩህ አይደለም፣ ትክክለኛውን በል»።

«ሦስት ተኩል»።

«ተኩል የለም»።

«አለመኖሩ ስህተት ነው» አለ ቅጹን በንቀት እያየ። «በይ አራት አድርጊው»።

ከግድግዳው በኩል «አራት ነው፣ እኔም ምስክር ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ። መጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረስን። ኑሮዎን እንዴት ይመዝኑታል የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ሁለት» አለ።

ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ወይዘሪት ቅጽ መጣችና ቆማ አነበበችው፣ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ረፋዱ ላይ ዶክተሯ መጣች። «አቁመናል» አለች። እሱ አመሰግናለሁ አላት። እኔ ልብሱን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ቤት በገባን በአሥራ ስምንተኛው ቀን የአትክልት ሾርባ ሠራሁለት። አንድ ማንኪያ ጎረሰና «ጨው በዝቶበታል» አለ። ማጣጣም ካቆመ ወራት ሆኖት ነበር፤ የሰጠሁትን ሁሉ ዝም ብሎ ነበር የሚውጠው። ጓዳ ገብቼ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ወጥቼ ጨዉ ልክ ነው ብዬ ተከራከርኩት፣ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጣቱ አልተመለሰም፣ የሸሚዙን ቁልፍ እኔ ነኝ የምቆልፈው። ማስታገሻው በጠርሙስ የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። ትልቋ ልጄ መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ ቀድታ ዓይኑ ፊት ታቆምለታለች፤ እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መስመሯን ያያል፣ «ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ፣ በቃ» ይላል፣ ከዚያ ይጠጣል። በር ላይ ወንበር አወጣንለት። ወንድሜ በየሁለት ቀኑ ዳቦ ይዞ ይመጣና አጠገቡ ይቀመጣል፤ ሁለቱም አያወሩም፣ መንገደኛ ያያሉ። ትንሹ ልጃችን የሥራ ፈቃድ ወስዶ መጣ፤ ከአባቱ ጋር እንደዚያን ጊዜ ሲያወራ አይቼው አላውቅም።

ወይዘሪት ቅጽ በየሳምንቱ ትደውላለች። ቅጹን ቤት ስለላከችልን እኔ አነብለታለሁ፣ ቁጥሩን በስልክ እነግራታለሁ። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻው ጥያቄ ላይ «አምስት» አለ።

ፊቱን መረመርኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማርኩበትን ዓይን ሁሉ አወጣሁ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው»።

«እንደ በፊቱ እንዳይሆን»።

«አምስት ነው አልኩሽ፣ ጻፊው» አለና እጁን ዘረጋ። «ስልኩን ስጪኝ። አንቺ ውጪ»።

«ምን?»

«ሲስተርን ብቻዬን ላናግራት። በሩንም ዝጊው»።

ወጣሁ። በሩን ዘግቼ ቆምኩ፤ አላዳመጥኩም ብል ውሸት ነው፣ ግን የሰማሁት ነገር የለም። ሲጨርስ ጠርቶኝ ስልኩን መለሰልኝ፣ ምን አልካት ብለው ምንም አላለኝም። እኔም ያቺ አምስት ሆዴ ውስጥ ቀረች። ለእኔ ሲል እንደገና ዋሽቶኝ ይሆን እያልኩ እሱን ሳጥብ አስባለሁ፣ ስመግበው አስባለሁ።

ከሆስፒታል ከወጣን በሰባት ሳምንት ከሁለት ቀን፣ ከምሳ በኋላ አረፈ። ልጆቹ ሁሉ ነበሩ። ኬሞው ቢቀጥል ኖሮ ምን ያህል ይቆይ ነበር ብዬ ዶክተሯን ጠይቄያታለሁ። አላውቅም አለችኝ። ደግ ናት፣ ልትዋሸኝ ትችል ነበር።

በወሩ የተረፈውን ማስታገሻ ልመልስ ሆስፒታል ሄድኩ፤ መድኃኒቱን ቤት ማስቀመጥ አይፈቀድም፣ መመለስ አለበት። ወይዘሪት ቅጽ ተቀበለችኝ፣ አስፈረመችኝ፣ አቀፈችኝ። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። የሾፌሩም አልጋ ላይ ሌላ ሰው ነው፤ ስለ እሱ አልጠየቅኩም።

«ያን ቀን በስልክ ምን አለሽ?» አልኳት።

«እትዬ፣ የታካሚ ምስጢር እኮ ነው»።

«ሚስቱ ነኝ»።

«እሱን አውቃለሁ» አለች።

ከዚያ ተነሥታ ከመደርደሪያው የእሱን ካርድ አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከፈተችው፣ «እስክሪብቶዬን የት አደረግኩት» ብላ ወጣች። እስክሪብቶዋ ደረት ኪሷ ላይ ተሰክቷል።

ሁለት ቅጽ ነው። አንደኛው እኔ በስልክ የነገርኳት ነው፣ መጨረሻው ላይ አምስት ይላል። ሁለተኛው በዚያው ቀን ቀጥሎ የተሞላ ነው፤ ሃያ ዘጠኙ መልስ ከእኔው ጋር አንድ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ስድስት ይላል። ሥሩ፣ አስተያየት የሚጻፍበት መስመር ላይ፣ በእሷ እጅ ጽሑፍ «ታካሚው ለባለቤታቸው አምስት እንዳሏቸው ገልጸዋል። ለምን ተብለው ሲጠየቁ፦ ስድስት ብላት አታምነኝም» ተብሎ ተጽፏል።

እውነቱን ነው። አላምነውም ነበር።